ወዳጅ በአጠገብ፣ ውሳኔ በእጅ፦ የካንሰር ሕክምናን በጓደኞች ድጋፍ መምረጥ

«ካንሰር ነው» የሚለው ቃል ከሐኪሙ አፍ ከወጣ በኋላ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ጆሮ ላይ ቀርቶ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የታካሚዎችን ትውስታ የመረመሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰዎች በሕክምና ክፍል ውስጥ ከሚነገራቸው መረጃ ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው ይረሱታል፤ አስታወስነው ከሚሉትም ውስጥ ግማሽ ያህሉ የተዛባ ነው። ይህ በሌላ ሕመም ጊዜም የሚያጋጥም ሲሆን፣ የካንሰር ድንጋጤ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ሆኖም ከጥቂት ቀናት በኋላ ቀዶ ሕክምና ይቅደም ወይስ ኬሞቴራፒ፣ ጡቱ በሙሉ ይውጣ ወይስ ዕጢው ብቻ፣ ሕክምናው አሁኑኑ ይጀመር ወይስ በቅርብ እየተከታተሉ ይቆይ የሚሉ ጥያቄዎች ቀርበውለት መልስ እንዲሰጥ የሚጠበቀው ይኸው የደነገጠ ሰው ነው።

በዚህ ጊዜ ጓደኞች ትልቅ አቅም ናቸው፤ አቅማቸው ግን በየትኛው በኩል እንደሚውል አስቀድሞ ካልታሰበበት ከማገዝ ይልቅ ሊያደናግር ይችላል። ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ለታካሚው ነው። ሁሉም ምክሩ የሚያርፈው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ የጓደኛ ሥራ ለታካሚው የማሰቢያ ጊዜ፣ ጸጥታና ትክክለኛ መረጃ ማመቻቸት ነው እንጂ በእርሱ ፋንታ መወሰን አይደለም። ሲነገር ቀላል ይመስላል። የምንወደው ሰው ሲታመም ግን ብዙዎቻችን የምንስተው ይህንኑ ነው፤ እኔም አንዲት ጓደኛዬን ሳስታምም ስቼዋለሁ፤ እንዴት እንደሳትኩ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ምን ያህል ጊዜ አለ?

ከሌላው ሁሉ በፊት ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄ «ሳልወስን ስንት ቀን መቆየት እችላለሁ?» የሚለው ነው። ብዙዎቹ ዕጢ የሚፈጥሩ ካንሰሮች ከመታወቃቸው በፊት ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ሲያድጉ የቆዩ ናቸው። ስለዚህ የምርመራውን ውጤት በደንብ ለመረዳትና የሌላ ሐኪም አስተያየት ለመጨመር የሚወስደው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያመጣም። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። አጣዳፊ የደም ካንሰር፣ ሕብለ ሰረሰርን የተጫነ ዕጢ፣ አንጀትን ወይም የአየር ቧንቧን የዘጋ ዕጢ በሰዓታትና በጥቂት ቀናት የሚቆጠር ውሳኔ ይፈልጋል።

ልዩነቱን የሚያውቀው ሐኪሙ ስለሆነ መልሱን በቀን ቁጥር እንዲነግርዎት ይጠይቁት፤ «ቶሎ ቢወስኑ ጥሩ ነው» የሚል መልስ ለዕቅድ አይመችም። ቀኑ ከታወቀ በኋላ ጓደኞችም በዚያው ልክ ይሠራሉ። ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ዛሬ ማታ እንዲወስን አይወተወትም፤ ሁለት ቀን ብቻ ያለውም ስለ ሦስተኛ ሐኪም ሲነገረው አይውልም።

ማንን ለየትኛው ሥራ?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ስለ ድካም ከሆነ እውነት ነው፤ መመላለሱ፣ ወረፋ መጠበቁ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት ማምጣቱ ሲከፋፈል ይቀላል። ምክር ግን እንደ ሎሚ አይደለም፤ ሃምሳ ሰው ሃምሳ ምክር ይዞ ሲመጣ ሸክሙ በታካሚው ላይ ይከመራል እንጂ አይከፋፈልም። ስለዚህ እጅ የሚያበድሩ ሰዎች የቻሉትን ያህል ቢበዙ መልካም ነው፤ ወደ ውሳኔው ክፍል የሚገቡት ግን ከሁለትና ከሦስት ባይበልጡ ይመረጣል።

ከእነዚህ መካከል ዋነኛው ቀጠሮ ላይ አብሮ የሚገባው ሰው ነው። ለዚህ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚታጨው በጣም የሚወደን ሰው ነው፤ እኔ ግን ይህ ሁልጊዜ ትክክለኛ ምርጫ አይመስለኝም። በጣም የሚወደን ሰው ከእኛ በላይ ሊደነግጥ፣ ከእኛ ቀድሞ ሊያለቅስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ታካሚው ሐኪሙን ማዳመጡን ትቶ አስታማሚውን ማጽናናት ይጀምራል። የሚፈለገው ሰው ዝምታን የሚችል፣ ሰዓት የሚያከብር፣ የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚጽፍ ሰው ነው። የልብ ወዳጅ ባይሆንም፣ ጠንቃቃ የሆነ የሥራ ባልደረባ ይህን ሥራ በሚገባ ሊወጣው ይችላል።

ሁለተኛው አንባቢው ነው፦ ስለ በሽታውና ስለ ሕክምናው የተጻፈውን አጣርቶ፣ ታካሚው የጠየቀውን ብቻ በአጭሩ የሚያቀርብ። ሦስተኛው መልእክተኛ ነው። ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ሁሉ «ውጤቱ ምን ሆነ?» እያለ ሲደውል ታካሚው አንዱን ክፉ ዜና በቀን አሥር ጊዜ ደግሞ ይኖረዋል፤ መልእክተኛው ታካሚው የፈቀደውን ያህል ለሁሉም አንድ ጊዜ ያሳውቃል። ከዚህ ሌላ ስለ ሕመሙ ምንም የማይነሣበት፣ እንደ ድሮው የሚቀለድበትና ስለ ተራ ነገር የሚወራበት አንድ ጓደኛ ቢቀር መልካም ነው። ሥራ የሌለው ሊመስል ይችላል፤ ከሁሉም በላይ የሚናፈቀው ግን እርሱ ሊሆን ይችላል።

ልመናው ግልጽ ይሁን። «አይዞሽ፣ የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» ለሚል ጓደኛ የሚሰጠው ጥሩ መልስ ቀንና ሥራ ያለበት መልስ ነው፦ «ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ። አብረሽኝ ገብተሽ የሚባለውን ሁሉ እንድትጽፊልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክር ግን እስክጠይቅሽ ድረስ አትስጪኝ።» የመጨረሻው ሐረግ ጨካኝ ሊመስል ይችላል። የጓደኛ ቅያሜ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ድንበሩ ከመነገሩ ሳይሆን ሳይነገር ቆይቶ በኋላ በቁጣ ከመውጣቱ ነው።

ራሱ ካንሰር ታሞ የዳነ ጓደኛ ካለ፣ መንገዱን ስለሚያውቅ ብርቱ አጋዥ ይሆናል፤ የሕክምናው ቀናት እንዴት እንደሚያልፉ፣ ፀጉር መቼ መርገፍ እንደሚጀምር፣ ለመጠየቅ የሚያሳፍሩ ነገሮች እንዴት እንደሚጠየቁ ከእርሱ የተሻለ የሚናገር የለም። ይሁን እንጂ የእርሱ ካንሰር የእርስዎ ካንሰር አይደለም። ሁለት ሴቶች ሁለቱም የጡት ካንሰር ቢኖራቸው እንኳ የአንደኛዋ ዕጢ በኢስትሮጅን ሆርሞን የሚያድግ፣ የሌላኛዋ ደግሞ ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን የበዛበት ሊሆን ይችላል፤ ለመጀመሪያዋ የሚታዘዘው የዓመታት የሆርሞን ኪኒን፣ ለሁለተኛዋ የሚታዘዘው ይህን ፕሮቲን ለይቶ የሚያጠቃ መድኃኒት ነው። ኸር-2 የበዛበት ዕጢ በአንድ ወቅት የክፉ ዕድል ምልክት ብቻ ነበር፤ ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ግን የሕክምና በር ከፋች ሆኗል። «እኔን ያዳነኝ ይህ ነው፤ አንቺም ይህንኑ ጠይቂ» የሚል ምክር የማያስኬደው ለዚህ ነው።

ወረቀቶቹን ማንበብ

ከቀጠሮው በፊት የፓቶሎጂ ሪፖርቱ (ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ የተጻፈው ውጤት)፣ የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ ውጤቱ፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ዝርዝር በአንድ አቃፊ ውስጥ ይሰብሰቡ፤ ይህን ሥራ ያለ ማቅማማት ለጓደኛ መስጠት ይቻላል። ታካሚው ራሱ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች ግን አሉ፦ ካንሰሩ ከየትኛው ሕዋስ እንደ ተነሣ፣ እስከ የት እንደ ተሰራጨ፣ ምን ያህል ቸኩሎ የሚያድግ እንደ ሆነ፣ እንዲሁም ለአንድ መድኃኒት ምላሽ እንደሚሰጥ የሚጠቁም ምልክት እንዳለው።

እዚህ ላይ በአማርኛ የምንቸገርበት አንድ ነገር አለ። ሐኪሞች «ስቴጅ» እና «ግሬድ» የሚሏቸውን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሁለቱንም «ደረጃ» እያልን ስለምንጠራቸው ይምታቱብናል። ስቴጅ ካንሰሩ በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ርቀት እንደ ሄደ ይናገራል፤ ከዕጢው ስፋት፣ ንፍፊቶችን ከመንካቱና ወደ ሩቅ አካል ከመዝለቁ ተነሥቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ይሰጠዋል። ግሬድ ግን ሕዋሶቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኛ ሕዋስ ምን ያህል እንደ ራቁ የሚያሳይ ነው። ዕጢው ግሬዱ 3፣ ስቴጁ ደግሞ 1 የሆነ ታካሚ አለ፤ ይህ ማለት ቶሎ የማደግ ጠባይ ቢኖረውም ገና ሳይሰራጭ ተደርሶበታል ማለት ነው። «ደረጃ ሦስት» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ወጥቶ ለቤተሰብ የሚያሰማ ጓደኛ ምን ያህል አላስፈላጊ ለቅሶ እንደሚያመጣ ይታሰብ። የሚጽፈው ሰው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የየትኛው ቁጥር እንደ ሆነም ይጻፍ።

ጥያቄዎቹ አስቀድመው ይጻፉ፤ ከሁሉ የሚቀድሙት ሦስቱ ከላይ ይቀመጡ፤ የቀጠሮ ጊዜ አጭር ነውና። በእኔ አመለካከት በማንኛውም ዝርዝር ውስጥ ሊጠፉ የማይገባቸው እነዚህ ናቸው፦ የዚህ ሕክምና ዓላማ ካንሰሩን ጨርሶ ማጥፋት ነው፣ እንዳይስፋፋ መያዝ ነው፣ ወይስ ሕመሙን ማቅለል? ሌላ ምን አማራጭ አለ? ምንም ባናደርግስ ምን ይሆናል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰዎች ይፈሩታል፤ ሐኪሞችም አንዳንዴ ያልፉታል። ነገር ግን ለመዳን የሚወሰድ መራራ ኬሞቴራፒና ጥቂት ወራት ለመጨመር የሚወሰድ መራራ ኬሞቴራፒ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ወደፊት ልጅ መውለድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድ ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ ያቅርብ። አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶችና በዳሌ አካባቢ የሚሰጥ ጨረር የመውለድ ችሎታን ሊጎዱ ይችላሉ። የወንድ ዘር ማስቀመጥ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሲሆን የሴት እንቁላል አዘጋጅቶ ማውጣት ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ሁለቱም የሚደረጉት ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ነው። በድንጋጤው መካከል ይህ ጥያቄ በቀላሉ ይዘነጋል፤ ታካሚው ለመጠየቅ ቢያፍር እንኳ አስቀድሞ የተነገረው ጓደኛ ሊያስታውሰው ይችላል።

በሐኪሙ ፊት

የታካሚ ምሥጢር የተጠበቀ ስለሆነ፣ አብሮ የገባው ሰው ማን እንደ ሆነና ሁሉንም እንዲሰማ መፍቀድዎን እርስዎ ራስዎ ለሐኪሙ ይናገሩ። ንግግሩን በስልክ መቅዳት ከፈለጉ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ተሸሽጎ የሚቀዳ ድምፅ በሐኪሙና በታካሚው መካከል ያለውን መተማመን ያበላሻል። አመልክተው ካልጠየቁት በቀር ጓደኛው ይጽፋል እንጂ አይናገርም። በመጨረሻ ላይ ግን አንድ ጠቃሚ ሥራ አለው፤ ማስታወሻውን ይዞ «በትክክል ተረድተን እንደ ሆነ፣ ያሉት ይህንና ይህን ነው» ብሎ ለሐኪሙ መልሶ ማንበብ። ብዙ ስሕተት የሚታረመው በዚህች ደቂቃ ነው።

ጓደኛ የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ስንት ጊዜ ይቀረዋል?» ይህን መጠየቅም፣ አለመጠየቅም የታካሚው መብት ነው። መስማት የማይፈልግ ታካሚ ባለበት ክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ ማንሣት ከሰው ኪስ ገንዘብ እንደ ማውጣት ነው፤ የተወሰደውም አይመለስም።

ታካሚው መስማት ከፈለገ ግን ቁጥሩን አብሮ መተርጎም ያስፈልጋል። «በግማሽ የሚኖሩት ዕድሜ» ተብሎ የሚነገረው አኃዝ ከታካሚዎቹ ግማሹ ከዚያ ያነሰ፣ ግማሹ ደግሞ ከዚያ የበለጠ እንደ ኖሩ ይናገራል እንጂ ለማንም የተቆረጠ ቀን አይደለም። አሜሪካዊው የዝግመተ ለውጥ ሊቅ ስቲቨን ጄይ ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1982 ሜሶቴሊዮማ የተባለ ብርቱ ካንሰር ሲገኝበት ለበሽታው የተጻፈው ይህ አኃዝ 8 ወር ነበር፤ እርሱ ግን 20 ዓመት ኖሮ በሌላ ካንሰር ሞተ። ይህ ለሁሉም ይደርሳል ብሎ ተስፋ ለመሸጥ አይደለም፤ ከአኃዙ ማዶ ያለው ግማሽ ምን ያህል ረጅም ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ሌላው የሚያሳስተው ቁጥር «ይህ መድኃኒት የመመለስ ዕድሉን በ40 በመቶ ይቀንሳል» የሚለው ዓይነት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ሕክምናውን ካልወሰዱ 100 ሰዎች መካከል በ10 ላይ ካንሰሩ የሚመለስ ቢሆንና ከወሰዱት መካከል ደግሞ በ6 ላይ ቢመለስ፣ ቅናሹ 40 በመቶ ነው፤ የተጠቀሙት ሰዎች ግን ከ100 መካከል 4 ናቸው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንደኛው ግን ያስጎመጃል፣ ሌላኛው ቆም ብሎ እንዲታሰብ ያደርጋል። ስለዚህ «እንደ እኔ ካሉ 100 ሰዎች ስንቱ ይጠቀማሉ፣ ስንቱስ ይጎዳሉ?» ብሎ መጠየቅን ልማድ ማድረግ ነው።

አማራጮቹ ሲመሳሰሉ

ብዙ ሰው የሕክምና ውሳኔ ሁልጊዜ አንድ ትክክለኛ መልስ ያለው ይመስለዋል። አንዳንዴ አለው፤ ያን ጊዜ የጓደኞች ሥራ ታካሚው በድንጋጤ ከዚያ እንዳይሸሽ ማገዝ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማስረጃው ራሱ ምርጫውን ለታካሚው ይተወዋል። በአሜሪካ በበርናርድ ፊሸር፣ በጣሊያን በኡምቤርቶ ቬሮኔሲ የተመሩ ጥናቶች ታካሚዎችን ለ20 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳወቁት፣ በጊዜ የተደረሰበት የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ጡታቸው በሙሉ ቢወጣም፣ ዕጢው ብቻ ወጥቶ ጨረር ቢጨመርበትም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ተመሳሳይ ነው። በብሪታንያ ደግሞ ከፕሮስቴት (በወንዶች ፊኛ ሥር ካለ አካል) ያልወጣ ካንሰር የተገኘባቸው 1,643 ወንዶች በሦስት ቡድን ተከፍለው፣ አንዱ በቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛው በጨረር፣ ሦስተኛው በክትትል ብቻ ተይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የ15 ዓመት ውጤት በሦስቱም ቡድኖች 97 በመቶ ያህሉ በፕሮስቴት ካንሰር እንዳልሞቱ አሳይቷል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነበር፦ ቀዶ ሕክምናው የሽንት ማምለጥና የወሲብ ችሎታ መቀነስን አብዝቷል፣ ጨረሩ የአንጀት ችግርን አምጥቷል፣ በክትትል የቆዩት ላይ ደግሞ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል መሰራጨቱ በዝቶ ታይቷል።

እኔ የሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ጓደኛዬ ለሁለቱም የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ብቁ መሆኗ ሲነገራት እኔ ያነበብኩትን ሁሉ ይዤ ጡቷን እንዳታስወጣ እወተውታት ጀመር፤ «ውጤቱ እኩል ከሆነ ለምን ትቆረጫለሽ?» እያልኩ። እርሷ ግን ጡቷ በሙሉ ከወጣ ጨረር እንደማያስፈልጋት ተነግሯት ነበር፤ ለሳምንታት በየቀኑ መመላለሱ አድክሟት ልጆቿን ከመተው ይልቅ አንድ ጊዜ ጨርሶ መገላገል ነበር የፈለገችው። ለሦስት ቀናት ካዳመጠችኝ በኋላ «እኩል ነው እያልሽ ያለሽው እኮ አንቺ ነሽ። እኩል ከሆነ ምርጫው የእኔ ነው ማለት ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማስረጃውን በትክክል አንብቤ ነበር፤ ትርጉሙን ግን የተረዳችው እርሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የተማርኩትና ለሌሎችም የጠቀመ አንድ ዘዴ አለ። ታካሚው ሁለት ቀን ሙሉ የመጀመሪያውን አማራጭ እንደ ወሰነ ሆኖ ይዋል፤ የሚቀጥሉትን ሁለት ቀናት ደግሞ ሁለተኛውን እንደ ወሰነ ሆኖ። በእያንዳንዱ ማታ ጓደኛው እየደወለ «ዛሬ እንዴት ዋልክ? ምን አስፈራህ? ምን ቀለለህ?» ብሎ ብቻ ይጠይቅና የሰማውን በታካሚው በራሱ ቃል ይጻፍ። በአምስተኛው ቀን ማስታወሻው ሲነበብ ውሳኔው ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። እንቅልፍ የሚነሳው ፍርሃትና ዋጋ የሚሰጡት ነገር በክርክር ጊዜ አይወጡም፤ በጸጥታ ሲጠየቁ ነው የሚወጡት።

ምክርና ጫና ሲበዛ

የሌላ ሐኪም አስተያየት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጠንቃቃ ሐኪምም አይከፋበትም። በተለይ በሽታው እምብዛም የማያጋጥም ዓይነት ከሆነ፣ ሁለት ሐኪሞች የተለያየ ነገር ከተናገሩ ወይም የናሙናው ምርመራ አጠራጣሪ ነው ከተባለ መጠየቁ ግድ ይላል። ናሙናው ራሱ በሌላ የፓቶሎጂ ባለሙያ እንደገና እንዲታይ ማድረግም ይቻላል፤ የሕክምናው ዕቅድ በሙሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነውና።

ከዚህ የሚለየው ምክር «እገሌ በዚህ ቅጠል ዳነ» የሚለው ነው። የሚናገሩት ሰዎች አብዛኞቹ በቅንነት ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ሊድን የሚችል ካንሰር ኖሮባቸው መደበኛውን ሕክምና ትተው ሌላ ዓይነት ሕክምና ብቻ የመረጡ ሰዎች የመሞት አደጋቸው መደበኛውን ከወሰዱት ሁለት ተኩል እጥፍ እንደ ነበር አሳይቷል። ከሕክምናው ጎን ለጎን የሚወሰድ ነገርም ቢሆን ለሐኪሙ ይነገር፤ አንዳንድ ዕፅዋት ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ለውጠው ኃይሉን ያደክማሉ ወይም መርዛማ ያደርጉታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ምክር መልስ መስጠት የታካሚው ሥራ አይሁን፤ መልእክተኛው ጓደኛ «ስላሰብክለት እናመሰግናለን፣ ለሐኪሙ እንነግረዋለን» ብሎ እዚያው ይዝጋው። ጸሎት፣ መዝናናትና ቀላል እንቅስቃሴ ከሕክምናው ጋር አይጣሉም፤ ጸብ የሚመጣው ሕክምናውን ይተኩ ሲባል ነው።

«ጠንካራ ሁኚ፣ በሽታውን ታሸንፊዋለሽ» የሚለው ማበረታቻም በልክ ቢሆን ደስ ይለኛል። መድኃኒቱ ያልሠራለት ሰው ደካማ ስለሆነ የተሸነፈ እንዲመስለው ያደርጋል፤ ደግሞም ፈርቻለሁ ብሎ ለመናገር አፉን ይዘጋዋል። ፈርቻለሁ ማለት ያልቻለ ሰው ደግሞ ምን እንደሚፈልግ መናገር አይችልም።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ

ውሳኔው አንድ ጊዜ ተወስኖ አያበቃም፤ መጠን ይቀነስ ይሆናል፣ መድኃኒት ይቀየር ይሆናል። ስለዚህ ጓደኞች እንደ መጀመሪያው ሳምንት ተሰብስበው በሦስተኛው ወር እንዳይበተኑ ቀኑን ቢደለድሉት ይሻላል። ጨረር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን ለሳምንታት ስለሚሰጥ የሚፈልገው አመላላሽ ነው። ኬሞቴራፒ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ልዩነት በዙር ይሰጣል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት በጣም የሚቀንሱት ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ አካባቢ ስለሆነ፣ በእነዚያ ቀናት ጉንፋን የያዘው ጓደኛ በስልክ ይጠይቅ እንጂ አይምጣ። ሙቀት መለኪያ በቤት ይኑር። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና ቡድኑ መደወል ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል፤ ሙቀት ማውረጃ ወስዶ እስኪነጋ ማየት አደገኛ ነው። አብሮ የሚያድረው ሰው ይህን በቃሉ ይወቅ።

ድጋፍ ሰጪ ሕክምና፣ ሐኪሞች ፓሊየቲቭ ኬር የሚሉት፣ ተስፋ ሲቆረጥ ብቻ የሚጠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 151 ሰዎች ተሳትፈው፣ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ከመጀመሪያው ይህን ድጋፍ ያገኙት ቡድን ኑሯቸው የተሻለ፣ የድብርት ምልክታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ በግማሽ የሚኖሩት ዕድሜም 11.6 ወር ነበር፤ በሌላው ቡድን 8.9 ወር። ሕመምን፣ ማቅለሽለሽንና እንቅልፍ ማጣትን የሚይዝ ባለሙያ በጊዜ ይጠራ፤ ሕመም ላይ ያለ ሰው በደንብ አይወስንም።

አንድ ወረቀት ደግሞ ጤንነት እያለ ይዘጋጅ፦ ታካሚው መናገር ቢያቅተው በእርሱ ፋንታ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ። ጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሕግ ቅድሚያ የሚሰጠው ለቤተሰብ ስለሆነ በጽሑፍ ካልሰፈረ ጓደኛው በር ላይ ሊቀር ይችላል። የተመረጠው ሰው መመረጡን ብቻ ሳይሆን ታካሚው ምን እንደሚፈልግና ምን ፈጽሞ እንደማይፈልግ ከአፉ ይስማ፤ ቤተሰቡም ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ከሁሉ የሚከብደው ታካሚው ጓደኞቹ የማይፈልጉትን ሲወስን ነው፤ ስድስተኛውን የኬሞቴራፒ ዙር አልወስድም ሲል፣ ወይም ከእንግዲህ ሕመሜ ይታገስልኝ እንጂ ካንሰሩን ማሳደድ ይብቃ ሲል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ውሳኔው ከማይታገሥ ማቅለሽለሽ፣ ካልታከመ ድብርት ወይም ከገንዘብ ጭንቀት የመጣ ከሆነ፣ እነዚህ መላ ሊገኝላቸው ስለሚችል ጓደኛ «ይህ ቢቀል ሐሳብህ ይለወጥ ነበር?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ «አይለወጥም» ከሆነ፣ ሐኪሙም የሚጠበቀውን ጥቅምና ጉዳት በግልጽ ካስረዳ፣ ጥያቄው እንደገና አይነሣም። የማስታወሻው ደብተር አዲስ ገጽ ይገለጥለታል፤ አብሮ ይገባ የነበረውም ጓደኛ እንደ ወትሮው ይደውላል፦ «ማክሰኞ ስንት ሰዓት ልምጣ?»